በልብስ ንድፍ ሥራ የጀማሪው የመጀመሪያ ካፒታል ሰው ነው

በልብስ ንድፍ ሙያ ሠልጥኖ የሚወጣ ወጣት አብዛኛውን ጊዜ በእጁ የሚገኙት ሦስት ነገሮች ናቸው፤ የምስክር ወረቀት፣ የንድፍ ደብተርና ቢበዛ አንድ የስፌት መኪና። ከዚያ በኋላ የሚያነሳው ጥያቄ "ገንዘብ ከየት ላግኝ?" የሚል ነው። ብድር በዋስትና፣ ዋስትናውም በቤትና በተሽከርካሪ በሚለካበት ገበያ ጥያቄው ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ የዘርፉ ታሪክ በሚገባ ሲመረመር ከገንዘቡ አስቀድሞ የሚፈለግ ሌላ ሀብት እንዳለ ለመረዳት ይቻላል። እርሱም የጀማሪውን ሥራ የሚያውቁና ቃሉን የሚያምኑ ሰዎች ናቸው።

ይህ ሲባል በዘመድ ሥራ መግባት ወይም በትልቅ ሰው ስም መነገድ ማለት አይደለም። በልብስ ንግድ ትውውቅ የሚባለው የሚታይና የሚቆጠር ነገር ነው። ድርና ማግ በዱቤ የሚሰጥ ነጋዴ፣ የበዓል ቀን ሳያልፍበት ሸምኖ የሚያስረክብ ባለሙያ፣ የሸጠበትን ሒሳብ በቀኑ የሚከፍል ባለሱቅ፣ ቀሚሱን ለብሳ ለጓደኞቿ ሰፊውን የምትጠቁም ደንበኛ፤ እነዚህ ሁሉ በሒሳብ መዝገብ ላይ ባይሰፍሩም ሥራውን የሚያንቀሳቅሱ ካፒታሎች ናቸው። "ድር ቢያብር አንበሳ ያስር" የሚለው ተረት ለዚህ ሙያ ከማንም በላይ ይስማማል።

የጥጥ ነጋዴውና ነዳፊው

ለነጋዴና ለባለሀብት ቅርብ የሆነው ምሳሌ የሚገኘው ከፓሪስ ነው። ክርስቲያን ዲዮር ዛሬ በዓለም ዙሪያ የሚታወቀውን ቤት ከማቋቋማቸው በፊት ለዓመታት ለሌሎች የሠሩ ሰው ነበሩ። ንድፍ እየሣሉ ለልብስና ለባርኔጣ ቤቶች ይሸጡ ነበር፤ በኋላም በሮበርት ፒጌ፣ ቀጥሎም በሉሲየን ለሎንግ ቤት ተቀጥረው ሠርተዋል። እ.ኤ.አ. በ1946 አንድ የልጅነት ወዳጃቸው በመንገድ ላይ አግኝቷቸው፣ የተዳከመ የልብስ ቤት የሚያነሳ ነዳፊ እየተፈለገ መሆኑን አጫወታቸው። ፈላጊው ማርሴል ቡሳክ የተባሉ፣ በፈረንሳይ የጥጥ ንጉሥ እየተባሉ ይጠሩ የነበሩ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች ባለቤት ነበሩ።

ዲዮር ቀርበው ያረጀውን ቤት ከማደስ ይልቅ በራሳቸው ስም አዲስ ቤት ቢከፈት እንደሚሻል አስረዱ። ቡሳክም ተስማምተው ገንዘባቸውን አወጡ። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 12 ቀን 1947 የቀረበው የመጀመሪያ ትርዒት፣ በጦርነቱ ዘመን በጨርቅ ራሽን ምክንያት ያጠረውንና የጠበበውን ቀሚስ አስረዝሞ፣ አስፍቶ፣ ብዙ ሜትር ጨርቅ የሚፈጅ አደረገው።

የዚህ ሽርክና ምሥጢር ግልጽ ነው። ነዳፊው ሰፊ ቀሚስ መሥራት ይፈልጋል፤ የፋብሪካው ባለቤት ብዙ ጨርቅ መሸጥ ይፈልጋል። ሁለቱ የተገናኙት በአንድ ወዳጅ ቢሆንም የተሳሰሩት በጥቅም ነው። በመንገድ ላይ መገናኘት የዕድል ጉዳይ ሊባል ይችላል። ሆኖም ወዳጁ ስማቸውን ደፍሮ ያነሳው ዲዮር ለዓመታት በሰው ቤት የሠሩት ሥራ ስለሚመሰክርላቸው ነበር። ሥራ የሌለበትን ትውውቅ ዕድል ሊያድነው አይችልም።

ከዚሁ ቤት የወጡት የኢቭ ሳን ሎራን ታሪክም ሌላ ትምህርት ይሰጣል። ከአልጄሪያዋ ኦራን ከተማ የመጡት ይህ ወጣት በንድፍ ውድድር ተሳትፈው ነበርና፣ የፓሪሱ ቮግ መጽሔት አዘጋጅ ሚሼል ደ ብሩኖፍ ሥራቸውን ተመልክተው እ.ኤ.አ. በ1955 ከዲዮር ጋር አገናኟቸው። ዲዮር እ.ኤ.አ. በ1957 ሲሞቱ ገና የ21 ዓመት ወጣት ሆነው ቤቱን ተረከቡ። እ.ኤ.አ. በ1961 የራሳቸውን ቤት ሲከፍቱ ደግሞ የንግዱን በኩል የያዙት ፒየር ቤርዤ ሲሆኑ፣ ገንዘቡን ያወጡት ጄ. ማክ ሮቢንሰን የተባሉ የአሜሪካ የአትላንታ ከተማ ባለሀብት ነበሩ። እንግዲህ አንድ ስም ሲቆም ከጀርባው ቢያንስ ሦስት ሰው አለ፤ የሚነድፍ፣ የሚያስተዳድርና ገንዘብ የሚያወጣ። ጀማሪው ሦስቱንም ብቻዬን እሆናለሁ ሲል ነው ብዙውን ጊዜ የሚወድቀው።

በቅርብ ዘመን ከታዩት ደግሞ የቨርጂል አብሎ ታሪክ ይጠቀሳል። በሲቪል ምሕንድስናና በሥነ ሕንፃ የተማሩት እኚህ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ2009 በሮም ከተማ በፌንዲ ኩባንያ በወር 500 ዶላር እየተከፈላቸው ተለማማጅ ሠራተኛ ሆነው ገቡ። በዚያን ጊዜ የፌንዲ ዋና ሥራ አስኪያጅ የነበሩት ማይክል ቡርክ ወጣቱን ልብ አሉ። ቡርክ ከጊዜ በኋላ የሉዊ ቪቶን ኃላፊ ሆኑ፤ እ.ኤ.አ. በማርች 2018 አብሎን የኩባንያው የወንዶች ልብስ የንድፍ ኃላፊ አድርጎ የሾመውም በእርሳቸው የሚመራው ይኸው ኩባንያ ነው። አብሎ እ.ኤ.አ. በ2021 እስካረፉበት ጊዜ ድረስ በዚሁ ኃላፊነት ቆይተዋል። በተለማማጅነት ዘመን የተተከለ ትውውቅ ፍሬ ያፈራው ከዘጠኝ ዓመት በኋላ መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል።

ከአዲስ አበባ የተነሱ

ምሳሌው ከውጭ ብቻ አይደለም። ሊያ ከበደ የተወለዱት በአዲስ አበባ ሲሆን፣ በተማሪነታቸው ዘመን አንድ የፊልም ባለሙያ ከፈረንሳይ የሞዴል ወኪል ጋር አስተዋወቃቸው። ከዚያ በኋላ ወደ አሜሪካ ተሻግረው ሲሠሩ እ.ኤ.አ. በ2000 የጉቺ ነዳፊ የነበሩት ቶም ፎርድ ለትርዒታቸው መረጧቸው። እ.ኤ.አ. በ2003 ደግሞ የኤስቴ ሎደር መዋቢያ ኩባንያ ፊት በመሆን የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ሆኑ።

ለገበያው የበለጠ የሚጠቅመው ግን ከዚህ በኋላ የሆነው ነው። በኢትዮጵያ የሸማ ሠሪዎች ሥራ መቀዝቀዙን የተመለከቱት ሊያ እ.ኤ.አ. በ2007 "ለምለም" የተባለውን የልብስ ስም አቋቋሙ። በመድረክ ሥራ ዘመናቸው ያወቋቸው የሱቅ ገዢዎች፣ የመጽሔት አዘጋጆችና ፎቶግራፍ አንሺዎች በአንድ በኩል፣ በእጅ የሚሸምኑት ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች በሌላ በኩል ሆነው በአንድ ሰው አማካይነት ተገናኙ። ሁለት የማይተዋወቁ ገበያዎችን የሚያገናኝ ሰው ነጋዴ ይባላል፤ ነዳፊም ሲሆን ያው ነጋዴ ነው።

ሌላው ምሳሌ የሶልሬብልስ ጫማ መሥራች ቤተልሔም ጥላሁን ናቸው። ያደጉበት የአዲስ አበባው ዘነበወርቅ ሰፈር በእጅ ሙያ የተካኑ፣ ግን ሥራ ያጡ ሰዎች የሚኖሩበት ነበር። እርሳቸውም እ.ኤ.አ. በ2004 ሥራውን ሲጀምሩ ሩቅ አልሄዱም። ኢትዮጵያውያን ከአሮጌ የመኪና ጎማ የሚሠሩትን በረባሶ መነሻ አድርገው፣ የሰፈራቸውን ባለሙያዎች አሰባስበው፣ ምርቱን ለውጭ ገበያ አበቁት። የመጀመሪያው ትውውቃቸው ከውጭ ገዢ ጋር ሳይሆን ከጎረቤት ጋር ነበር።

ከእነዚህ ሁሉ የሚገኘው ትምህርት አንድ ነው። ጀማሪው ወደ ላይ ብቻ እየተመለከተ ስመ ጥር ነዳፊ ወይም ባለሀብት ፍለጋ ሲባክን፣ በጎንና ከሥር ያሉትን ሰዎች ይዘነጋል። ሥራውን ግን የሚሸከሙት እነዚያው የዘነጋቸው ናቸው።

ከሽሮ ሜዳ የሚጀመር ሰንሰለት

ከእንጦጦ ግርጌ የሚገኘው የሽሮ ሜዳ ገበያ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። በመደብሩ ላይ ተሰቅሎ የሚታየው አንድ የሐበሻ ቀሚስ ለገዢው አንድ ዕቃ ነው። ለነጋዴው ግን የብዙ እጅ ሥራ ነው። ጥጡን የሚፈትሉ ሴቶች አሉ። ድሩን የሚሸጥ የክር ነጋዴ አለ። ከጋሞ አካባቢ፣ በተለይም ከዶርዜ የመጡና ሙያውን ከአባቶቻቸው የተረከቡ ሸማኔዎች አሉ። ጥለቱን የሚያወጣ፣ ጥልፉን የሚጠልፍ፣ የሚሰፋ፣ የሚተኩስ፣ ከዚያም የሚሸጥ አለ። በየመሐሉ ደግሞ ደላላ ይገባል።

ጀማሪ ነዳፊ ከዚህ ሰንሰለት አንዱን ዘለበት ካላወቀ ዋጋውንም ቀኑንም መተመን አይችልም። ፈትል የትኛው እንደሆነ፣ መነን የትኛው እንደሆነ፣ አንድ ሸማኔ በሳምንት ስንት ክንድ እንደሚያወጣ፣ ዝናብና ለቅሶ ሥራውን ስንት ቀን እንደሚያስተጓጉሉት በትምህርት ቤት አይነገርም። የሚያውቀው ሸማኔው ነው። ይህንንም የሚናገረው ለሚያከብረውና ለሚመላለስ ሰው ነው። "ጋሼ፣ ይሄ ጥለት ስንት ቀን ይፈጃል?" ብሎ ቁጭ የሚል ወጣት፣ ከበር ቆሞ "ስንት ነው?" ብሎ ከሚሄደው ይልቅ ብዙ ይማራል።

የጊዜው ጉዳይም የዋዛ አይደለም። "ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ" የሚባለው በከንቱ አይደለም። ገበያው በአዲስ ዓመት፣ በጥምቀት፣ በፋሲካና በሠርግ ወራት ይሞቃል፤ ከዚያ ይቀዘቅዛል። በዓሉ ሲቃረብ ሁሉም ነጋዴ ወደ አንድ ሸማኔ ይሮጣል። በዚያን ጊዜ ሸማኔው የማንን ሥራ ያስቀድማል? በቀዘቀዘው ወር ሥራ የሰጠውን፣ ሒሳቡን ሳይከራከር የከፈለውን ሰው ነው የሚያስቀድመው። ትውውቅ የሚገነባው በቀዝቃዛው ወር፣ የሚሰበሰበው በሞቃቱ ወር ነው።

ትውውቅ በብር ሲተመን

ይህ ነገር በሒሳብ ሲታይ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። የሚከተለው ስሌት ለማስረዳት የቀረበ ምሳሌ እንጂ የገበያ ዋጋ አይደለም።

አንድ ቀሚስ በባለሱቅ በኩል በ10,000 ብር ይሸጣል እንበል። ከዚህ ውስጥ የባለሱቁ ድርሻ 2,000 ብር ነው። ለሽመናና ለክር 4,000፣ ለጥልፍ 1,500፣ ለስፌት 1,000 ብር ይወጣል። ለነዳፊው የሚተርፈው 1,500 ብር ነው። ነገር ግን ባለሱቁ የሚከፍለው ዕቃው ከተሸጠ በኋላ ከሆነ፣ ነዳፊው አስቀድሞ ከኪሱ የሚያወጣው 6,500 ብር ነው። በእጁ 7,000 ብር ብቻ ያለው ጀማሪ በአንድ ጊዜ አንድ ቀሚስ ብቻ ያሠራል፤ እርሱም እስኪሸጥ ድረስ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል።

አሁን ሸማኔው ጀማሪውን አምኖ ከ4,000 ብሩ ግማሹን ከሽያጭ በኋላ ለመቀበል ተስማማ እንበል። ከኪስ የሚወጣው ወደ 4,500 ብር ይወርዳል። ባለሱቁ ደግሞ የሥራውን ጥራት አይቶ 3,000 ብር ቀብድ ቢሰጥ፣ ከጀማሪው ኪስ የሚወጣው 1,500 ብር ብቻ ይሆናል። በዚያው 7,000 ብር አራት ቀሚስ ማሠራት ይቻላል። የአንዱ ቀሚስ ትርፍ አልተለወጠም። ዋጋውም አልጨመረም። የተለወጠው ሁለት ሰዎች ጀማሪውን ማመናቸው ነው። ይህ እምነት ወለድ የማይከፈልበት ብድር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በአንጻሩ ይህ ብድር እንደማንኛውም ብድር ይጎዳል። ባለሱቁ ሒሳቡን ሁለት ወር ቢያዘገይና ጀማሪው በዚህ የተነሳ ለሸማኔው ቀጠሮ ቢያፈርስ፣ የሚጠፋው 2,000 ብር ብቻ አይደለም። ሽሮ ሜዳም ሆነ የመርካቶው ሸማ ተራ ወሬ ፈጥኖ የሚዞርባቸው ገበያዎች ናቸው። "እገሌ አይከፍልም" የተባለ ሰው ቀጥሎ ለሚጠይቀው ሁሉ ጥሬ ገንዘብ ይጠየቃል። ስለዚህ ክፍያ የሚዘገይ መሆኑ ሲታወቅ፣ ቀኑ ከመድረሱ በፊት ሄዶ መናገርና ከፊሉን መክፈል የሙያው የመጀመሪያ ሕግ ነው።

ከማን፣ የት፣ እንዴት

ለጀማሪው የሚያስፈልጉት ሰዎች በአምስት ወገን ሊከፈሉ ይችላሉ።

አንደኛ፣ ዕቃ አቅራቢዎች ናቸው። የክር፣ የጨርቅ፣ የቁልፍና የዚፕ ነጋዴዎች በዚህ ይጠቃለላሉ። ከአሥር ሱቅ አሥር ጊዜ ከመግዛት ይልቅ ከሁለት ሱቅ እየተመላለሱ መግዛት ይመረጣል። ምክንያቱም ዱቤ የሚሰጠው ፊቱ ለታወቀ ደንበኛ ነው።

ሁለተኛ፣ የእጅ ባለሙያዎች ናቸው። ከአንድ ሸማኔና ከአንድ ጠላፊ ጋር ብቻ መሥራት ሰውየው ሲታመም ሥራውን ያቆመዋል። ቢያንስ ሁለት ሁለት ማወቅ ይገባል።

ሦስተኛ፣ የሙያው ቀዳሚዎች ናቸው። በታወቀ ነዳፊ ወይም በልብስ ፋብሪካ ውስጥ ለስድስት ወር ወይም ለአንድ ዓመት መሥራት ከብዙ ስብሰባ ይበልጣል። ዲዮርም ሆኑ አብሎ በዚህ በር ነው የገቡት። የሚከፈለው ትንሽ ቢሆንም በዚያ ቤት የሚመላለሱትን ገዢዎች፣ አቅራቢዎችና ፎቶግራፍ አንሺዎች በሥራ ላይ ሆኖ ማወቅ ይቻላል። የቀድሞ አሠሪን ደንበኛ በስውር ማስኮብለል ግን ስምን የሚያጠፋ ተግባር ነው።

አራተኛ፣ የሚያሳዩ ሰዎች ናቸው። ፎቶግራፍ አንሺ፣ ሞዴል፣ የፀጉርና የመዋቢያ ባለሙያ፣ የሠርግ አዘጋጅ በዚህ ይመደባሉ። እነዚህም አብዛኞቹ እንደ ነዳፊው ጀማሪዎች በመሆናቸው በገንዘብ ሳይሆን በሥራ ልውውጥ መተጋገዝ ይችላሉ። ነዳፊው ልብሱን ያቀርባል፣ አንሺው ሥዕሉን ያነሳል፣ ሁሉም ሥዕሉን ለየራሱ ማስተዋወቂያ ይጠቀምበታል። ማን በምን እንደሚጠቀም አስቀድሞ መጻፍ ግን ኋላ ከሚመጣ ቅሬታ ያድናል።

አምስተኛ፣ ገዢዎችና ባለሱቆች ናቸው። ከእነዚህ ጋር የሚደረገው የመጀመሪያ ቀጠሮ አጭር ሊሆን ይገባል። ይዞ መቅረብ የሚያስፈልገውም ብዙ አይደለም። ሦስት ወይም አራት የተሰፉ ልብሶች፣ የእያንዳንዳቸው ዋጋ፣ በስንት ቀን ስንት ልብስ ማድረስ እንደሚቻል፣ አድራሻና ስልክ ይበቃል። የንድፍ ደብተር ብቻ ይዞ የሚቀርብ ሰው ተስፋ ይሸጣል፤ ባለሱቅ ደግሞ ተስፋ አይገዛም። አሥር ልብስ ብቻ ማድረስ የሚችል ጀማሪ አሥር ማለት አለበት። ሃምሳ ብሎ አሥር ያመጣ ሰው ሁለተኛ አይጠራም።

የመገናኛ ቦታዎችን በተመለከተ፣ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሥር የሚገኘው የኢትዮጵያ የጨርቃ ጨርቅና ፋሽን ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትና በአዲስ አበባ የሚገኙ የግል የንድፍ ማሠልጠኛዎች የክፍል ጓደኞችን ይሰጣሉ። የክፍል ጓደኛ ቀላል ሀብት አይደለም። ዛሬ አጠገብ ተቀምጦ የሚሰፋው ነገ የፋብሪካ የግዢ ሹም ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2010 የተጀመረው ሐብ ኦፍ አፍሪካ የፋሽን ሳምንት፣ እ.ኤ.አ. በ2015 የተጀመረው የአፍሪካ ሶርሲንግና ፋሽን ሳምንትን የመሳሰሉ ዝግጅቶችም ነዳፊን፣ አምራችንና ገዢን በአንድ አዳራሽ አገናኝተዋል። እንዲህ ዓይነት ዝግጅት ላይ ለሚገኝ ጀማሪ መለኪያው የሰበሰበው የአድራሻ ካርድ ብዛት አይደለም። በሳምንቱ ውስጥ ደውሎ ቀጠሮ ያስያዘው ሰው ስንት ነው የሚለው ነው።

እቁብም ሊረሳ አይገባም። በገበያ ውስጥ ካሉ ነጋዴዎች ጋር እቁብ መግባት ገንዘብ ከማስገኘቱ በላይ ጀማሪው በየሳምንቱ የሚከፍል ሰው መሆኑን በተግባር ያስመሰክርለታል። ዕጣው ከወጣለት በኋላም ሳያጓድል የሚከፍል ሰው ዋስ ሲፈልግ አይቸገርም።

ደላላና ወኪል

ድለላ በፋሽን ንግድ ውስጥ የታወቀ ሙያ ነው። በውጭ አገር የሞዴል ወኪል የሚባለውም ሥራ የሚያገናኝና ከተገኘው ክፍያ ኮሚሽን የሚያነሳ ሰው ነው። እዚህ ላይ ሊጤን የሚገባው ነጥብ ወኪሉ የሚከፈለው ከሥራው ገቢ ላይ መሆኑ ነው። "ወደ ውጭ አስተላልፍሻለሁ፣ ለፎቶ፣ ለምዝገባ፣ ለቪዛ ይህን ያህል ክፈይ" የሚል፣ ውል የማያሳይ፣ ፓስፖርት ለመያዝ የሚቸኩል ሰው ግን ወኪል ሊባል አይችልም። በሞዴልነት ስም ወጣት ሴቶች ለአደጋ የሚጋለጡት በዚህ በር ስለሆነ፣ ወላጆችም ሆኑ ማሠልጠኛዎች የአገናኙን የንግድ ፈቃድ፣ የውጭውን ድርጅት ማንነትና የውሉን ቃል ማጣራት አለባቸው።

በአገር ውስጥ ገበያም ቢሆን የኮሚሽኑ መጠን፣ በአንድ ሽያጭ ብቻ ወይስ ደንበኛው በተመለሰ ቁጥር የሚከፈል መሆኑ አስቀድሞ በጽሑፍ ቢሰፍር ደላላውም ነዳፊውም ይጠቀማሉ። ሐቀኛ ደላላ ይህን አይጠላም።

ንድፍ ሲታይ ይቀዳል

ትውውቅ የሚያስከትለው አደጋም አለ። ንድፍ ባሳዩት ቁጥር ሊቀዳ ይችላል። በእጅ የተሸመነው ጥለት በፋብሪካ ታትሞ በርካሽ ሲሸጥ የታየበት ገበያ ነውና ሥጋቱ መሠረት የለሽ አይደለም። ይሁን እንጂ ሥራን ደብቆ ገዢ ማግኘት አይቻልም። መፍትሔው ሕግን ማወቅ ነው።

በአዋጅ ቁጥር 123/1987 መሠረት አዲስ የሆነ የኢንዱስትሪ ንድፍ ሊመዘገብ ይችላል። ጥበቃው ለአምስት ዓመት ሲሆን ሁለት ጊዜ ለአምስት አምስት ዓመት ሊራዘም ይችላል። የንግድ ምልክት ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት ሲመዘገብ ለሰባት ዓመት የሚጸና ሲሆን በየሰባት ዓመቱ ይታደሳል። ሁለቱም የሚስተናገዱት በአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ነው። ከአያት ከቅድመ አያት የመጣ ጥለት የማንም ግል ስላልሆነ "የእኔ ነው" ብሎ ማስመዝገብ አይቻልም። በተጨማሪም ንድፉ ለሕዝብ ታይቶ ከቆየ አዲስነቱ ስለሚያጠያይቅ፣ ምዝገባ የሚፈልግ ሰው ከትርዒቱ በፊት ቢያመለክት ይመረጣል።

ወቅት ሲለወጥ የሚለወጠውን ልብስ ሁሉ ማስመዝገብ ለጀማሪው አቅም ከባድ ነው። ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ ቅድሚያ የሚሰጠው ለንግድ ምልክቱ ነው። ቀሚሱ ቢቀዳም ስሙ አይቀዳም፤ ደንበኛ የሚመለሰውም ወደ ስሙ ነው።

በአንድ ገዢ መንጠልጠል

ሌላው ጥንቃቄ በአንድ ትልቅ ገዢ ላይ ሙሉ በሙሉ አለመደገፍ ነው። ለዚህ የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ታሪክ በቂ ማስረጃ ነው። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ2016 ሲመረቅ ከዋነኞቹ ገዢዎችና አምራቾች አንዱ የካልቪን ክላይንና የቶሚ ሂልፊገር ስሞች ባለቤት የሆነው የአሜሪካው ፒቪኤች ኩባንያ ነበር። የሥራው መሠረት አጎአ በሚባለው የአሜሪካ ሕግ የተሰጠው ከቀረጥ ነፃ ዕድል ነው። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2021 ኩባንያው በፓርኩ የነበረውን ፋብሪካ እንደሚዘጋ አስታወቀ። እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ጀምሮም ኢትዮጵያ ከአጎአ ተጠቃሚነት ወጣች። በአንድ ገበያና በአንድ ሕግ ላይ የቆመ ትልቅ ግንኙነት እንኳ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሊናጋ እንደሚችል ታየ።

ትንሹም ነዳፊ በራሱ መጠን ተመሳሳይ አደጋ ላይ ነው። ከሽያጩ አብዛኛው በአንድ ባለሱቅ በኩል የሚያልፍ ከሆነ፣ ባለሱቁ ቤት ኪራይ ተጨምሮበት ሲዘጋ ነዳፊውም አብሮ ይዘጋል። በአገር ውስጥ ሁለት ሱቅ፣ በቀጥታ የሚያዝዙ የሠርግ ደንበኞች፣ እንዲሁም በዋሽንግተን አካባቢና በሌሎች የውጭ ከተሞች ለበዓልና ለሠርግ የሐበሻ ልብስ የሚፈልጉ ኢትዮጵያውያን ጋር የተዘረጋ መስመር ያለው ሰው አንዱ ሲቋረጥ በሌላው ይቆማል።

ለባለሀብቱ

እስካሁን የተነገረው ለጀማሪው ቢመስልም ለባለሀብቱም መለኪያ ይሆናል። አንድ ወጣት ነዳፊ ሽርክና ወይም ብድር ፈልጎ ሲመጣ ስለ ንድፉ ውበት ከመከራከር ይልቅ ጥቂት ጥያቄዎችን መጠየቅ ይበጃል። የሚሠራለት ሸማኔ ወይም ሰፊ ስንት ዓመት አብሮት ቆየ? በዱቤ የሰጠው የክር ነጋዴ ማን ነው? ሁለተኛ ጊዜ የተመለሱ ገዢዎች ስንት ናቸው? ባለፈው በዓል ቃል የገባውን በቀኑ አድርሷል? የንግዱን መዝገብ የሚይዝለት ማን ነው?

ለእነዚህ ጥያቄዎች የሚሰጠው መልስ በቃል ብቻ መታመን የለበትም። ሸማኔውን፣ ሰፊውንና ባለሱቁን ሄዶ ማነጋገር ግማሽ ቀን የሚፈጅ ሥራ ነው። በዚያ ግማሽ ቀን የሚገኘው መረጃ ከማንኛውም የፕሮጀክት ጥናት የሚያንስ አይደለም። ሦስቱም በጎ ከመሰከሩለት የገንዘቡ እጥረት ብቻ የቀረው ሰው ነው ማለት ነው፤ ባለሀብቱ የሚፈልገውም ይህንን ነው። ሦስቱም "አናውቀውም" ካሉ ግን ገንዘብ ቢሰጠው መጀመሪያ የሚገዛው ትውውቅን ነው። በገንዘብ የተገዛ ትውውቅ ደግሞ ገንዘቡ ሲያልቅ አብሮ ያልቃል።

ቡሳክ እ.ኤ.አ. በ1946 ለዲዮር ገንዘብ ያወጡት ለበጎ አድራጎት አልነበረም፤ የራሳቸውን ጨርቅ ገበያ በማሰብ ጭምር ነበር። የመርካቶ የጨርቅ ነጋዴም፣ የልብስ ፋብሪካ ባለቤትም በደጃቸው የሚያልፈውን ወጣት ነዳፊ በዚህ ዓይን ቢመለከቱት ብዙ ሜትር ጨርቅ ሊሸጡበት ይችላሉ። ወጣቱም በበኩሉ ሲቀርባቸው ሊመልሰው የሚገባው ጥያቄ አንድ ነው፤ "ከእኔ ጋር ብትሠሩ እናንተ ምን ትጠቀማላችሁ?" የሚል። ለዚህ ጥያቄ የተዘጋጀ ሰው የስፌት መኪና ባይኖረው እንኳ ሥራ ጀምሯል ለማለት ይቻላል።